ማታ ደብተሩን የሚከፍተው ማን ነው?

(ለየቲሞች አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ የትምህርት ክፍል የቀረበ ንግግር)



 





በዚህ መድረክ ላይ በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ገንዘብ ነው። ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ለማን ተከፈለ የሚለው ሪፖርት ተገቢ ነው፤ አማና ነውና ሊነገር ይገባዋል። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ ሒሳቡን ለገንዘብ ያዡ ትተን ስለ አንድ ሳምንት እንነጋገር። አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ የቲም ከሰኞ እስከ እሑድ በክፍል ውስጥ ምን ይማራል? ማታ ወደ ቤት ምን ይዞ ይገባል? ይዞ የገባውንስ ማን ይቀበለዋል? የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ነው።

ስለ አንደኛ ደረጃ መናገርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሸሪዓ ቋንቋ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። በአገራችን ደግሞ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ሲሆን፣ ሳይደናቀፍ ከሄደ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ 14 ወይም 15 ዓመት ይሆነዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የየቲምነት ዘመን ትልቁ ክፍል የሚያልፈው በትምህርት ቤት ዴስክ ላይ መሆኑን እናያለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን በሶላት እንድናዝ የመከሩን በ7 ዓመታቸው ነው። ሶላቱና ፊደሉ በአንድ ዕድሜ ይጀምራሉ ማለት ነው።

እርሳቸውም ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው ዐብደላህ ሳይወለዱ ሞቱ፤ እናታቸውን አሚናን በ6 ዓመታቸው አጡ፤ በአያታቸው በዐብዱልሙጠሊብ፣ ቀጥሎም በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ እጅ አደጉ። ኢማም ሻፊዒይም አባታቸውን በሕፃንነታቸው ያጡ ሲሆን፣ እናታቸው ለመምህር የሚከፈል ገንዘብ አልነበራትም። መምህሩ እርሱ በሌለ ጊዜ ልጁ ሌሎቹን እንዲያስተምርለት ይህንንም እንደ ክፍያ እንዲቆጥርለት ተስማማ ተብሎ ይተረካል። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚይዘው የልጁን ብሩህነት ነው። እኛ ግን እናቲቱን እናስታውሳለን። ገንዘብ የላትም፤ ልጇን ግን እጁን ይዛ እስከ መምህሩ ደጃፍ ወስዳዋለች።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንግባ።

ሰኞ ጠዋት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። መምህርቷ አጭር ምንባብ ታስነብባለች፤ አዳዲስ ቃላትን በሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ በመጨረሻም አራት ወይም አምስት ጥያቄ ለቤት ሥራ ትሰጣለች። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በክፍሉ ውስጥ 50 ልጆች ካሉ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚያም በላይ አሉ፣ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። መምህርቷ ሌላ ምንም ሳትሠራ ልጆቹን አንድ በአንድ ብታስነብብ እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳያነብ አንድ ወር የሚያልፈው ልጅ አለ። በኅብረት ሲነበብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ጓደኞቹ ሲሉ ይላል፤ መምህርቷም ያነበበ ይመስላታል።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪ ቋንቋ የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታየ። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ተሻሽለዋል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተለውጧል። ነገር ግን ከምንደግፋቸው ልጆች መካከል ዛሬም ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንድ አንቀጽ የሚያታግላቸው አሉ። የደንብ ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ደብተራቸው የተሟላ ነው፤ ከሰሌዳ የተገለበጠው ጽሑፍ እንዲያውም ያማረ ነው። ጣታችንን በጻፉት ቃል ላይ አድርገን «ይህ ምን ይላል?» ስንላቸው ግን ዝም ይላሉ። የጻፉት ሥዕሉን እንጂ ቃሉን አይደለም።

ስለዚህ የሰኞ ማታ ትልቁ ሥራ ለጥያቄዎቹ መልስ መጻፍ አይደለም፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ እናቶች «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ምን ላግዘው?» ይሉናል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በእናንተ ዘንድ ያለውን ችሎታ ራሳችሁ አሳንሳችሁ አትዩት። ቁርአንን የሚሐፍዝ ልጅ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ይቀራል፣ ይደግማል፣ ሌላው ያዳምጠዋል። የሚያዳምጠው ሁሉ ዓሊም አይደለም። ጆሮ መንተባተብን ከመፍሰስ ይለያል። ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ በእያንዳንዱ ቃል ሥር ጣቱን እያስኬደ ያንብብላችሁ። ጣቱ ከአፉ ቀድሞ ከሮጠ ወይም ዓይኑ ጣሪያ ላይ ሆኖ አፉ ከቀጠለ በቃሉ እያወረደ ነው፤ እንደገና ከመሐል ጀምር በሉት። ሲጨርስ ደግሞ መጽሐፉን ዝጉትና «አሁን የሰማሁትን አንተ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉት። ኦሮምኛም ይሁን ስልጥኛ፣ በቤት በሚነገረው ቋንቋ ይንገራችሁ። የገባው ልጅ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የእኛ ልጆች ሌሎች ልጆች የሌለባቸው ድካም አለባቸው፤ በሳምንት ውስጥ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይመላለሳሉ። ጠዋት የአማርኛውን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን፣ ከዐስር በኋላ በመድረሳ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ። የአማርኛው ፊደል በሰባት ድምፅ መልኩን ይለዋውጣል፤ 28ቱ የዐረብኛ ሐርፎች ደግሞ በቃሉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ሲመጡ ይለወጣሉ። አንዳንድ ቤተሰብ «ተምታታበት» ብሎ መድረሳውን ያስቆማል፤ ሌላው ደግሞ የትምህርት ቤቱን ደብተር ችላ ይላል። ሁለቱንም አንደግፍም። የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ዐጀም በምንለው አጻጻፍ፣ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተስማምተው እንደሚኖሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ልጁን የሚያምታታው የፊደሉ መብዛት አይደለም፤ አንዱንም ረጋ ብሎ የሚያስቀራው ሰው ማጣቱ ነው።

ስለ ማክሰኞ ብዙ አንልም። እንግሊዝኛና ሥዕል ነው እንበል። የእንግሊዝኛውን የቤት ሥራ በቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ልጁ ያልገባውን በእርሳስ አክብቦ ይሂድና መምህሩን ይጠይቅ። ከጎረቤት ልጅ ገልብጦ ከሚሞላ ባዶውን ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

ረቡዕ ሒሳብ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከእናቶቻችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። «ሒሳብ አላውቅም» የምትለን እናት ጉልት ላይ ተቀምጣ ሽንኩርትና ጎመን ትሸጣለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ የመቶ ሰው መልስ ሳታሳስት ትመልሳለች። እንጀራ ለምትሸጠው እናት «8 ደንበኛ እያንዳንዳቸው 7፣ 7 እንጀራ ቢፈልጉ ስንት ትጋግሪያለሽ?» ብንላት 56 ለማለት ወረቀት አትጠይቅም። ልጇ ግን የሰባትን ማባዛት በዜማ ይሸመድዳል፤ ከመሐል ሲጠይቁት ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። እናትየው በእጇ የያዘችው ዕውቀት ልጁ በደብተሩ ከሚፈልገው ዕውቀት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም ማለት ነው። ማታ ሒሳቧን ስትዘጋ ልጁን አጠገቧ ታስቀምጠው። የዱቄቱ ወጪ ስንት ነው፣ የማገዶው ስንት ነው፣ የቀረው ስንት ነው? እርሱ በደብተር ይጻፍ፤ እርሷ በቃል ታስላ። ሲለያዩ ይፈልጉት። በአብዛኛው እናትየው ናት ትክክል የምትሆነው፤ ይህንንም ልጁ ቢያይ ምንም ጉዳት የለበትም።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ደግሞ ክፍልፋይና መቶኛ ይመጣል። ልጆች «ይህ ምን ይጠቅመናል?» እያሉ የሚጠሉት ምዕራፍ ነው። ለየቲም ግን ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል። አንድ ሰው ሚስትና ልጆች ትቶ ቢሞት የሚስቲቱ ድርሻ 1/8 ነው፤ የሟቹ እናት በሕይወት ካለች ለእርሷ 1/6 አለ፤ የቀረው ለልጆቹ ይከፈላል። የገንዘብ ዘካ ከአርባ አንድ ነው፤ በመቶኛ 2.5 ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ የየቲሞችን ገንዘብ ከማስረከባችን በፊት እንድንፈትናቸው፣ ብስለታቸውንም እንድናይ አዝዞናል። አባቱ የተወለትን አንዲት ክፍል ቤት ወይም ሁለት ጥማድ መሬት ማን እንዴት እንደያዘው የማያውቅ፣ 1/8 ከ1/6 ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ የማይለይ ልጅ በምን ይፈተናል? በየአካባቢው የምንሰማው የየቲም ንብረት ክርክር ብዙ ነው። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር በዚያ ክርክር ውስጥ የልጁ ጠበቃ ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ የአካባቢ ሳይንስ አለ። ይህ ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ ለየቲም ግን አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የከበደ ነው። «ቤተሰብ» የሚለው ርዕስ ሲደርስ የቤት ሥራው «የአባትህን ስምና ሥራ ጻፍ፤ አባትህ በቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?» የሚል ይሆናል። መምህሩ በክፋት አይደለም፤ መጽሐፉ ለሁሉም የተጻፈ ነው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ስሟን አንጠራም፣ ይህን ገጽ ሁለት ቀን ባዶውን ይዛ ተመላለሰች። በሁለተኛው ቀን መምህሯ «የቤት ሥራ አልሠራችም» ብሎ በቀይ ጻፈባት። ማታ አያቷ ቀዩን ቀለም አዩና «ምንድን ነው ይሄ ልጄ?» አሏት። ማንበብ አይችሉም፤ ቀይ መሆኑን ግን ያያሉ። ልጅቷ ነገረቻቸው። አያትየውም ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው አወሩላት። ግንበኛ እንደነበረ፣ በየትኛው ሰፈር እንደሠራ፣ ሶላት ሲደርስ እጁን ከሲሚንቶ ታጥቦ እንደሚሮጥ ነገሯት። በማግስቱ ልጅቷ ይዛ የሄደችው «አባቴ ግንበኛ ነበር። የሠራው ቤት አሁንም አለ። እኔ ዱዓ አደርግለታለሁ» የሚል ነበር።

ከዚህ ለአሳዳጊዎች የምንለው፦ ስለ አባቱ ለልጁ አውሩለት። «እንዳያዝን» ብላችሁ ስሙን አትደብቁት። ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ከማይቋረጡት ሦስት ነገሮች አንዱ ግን ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አባቱን የማያውቅ ልጅ ለማን ዱዓ ያደርጋል? በሁለተኛ ደረጃ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ብቻውን፣ በለሰለሰ አነጋገር፣ የልጁን ሁኔታ ንገሩት። በክፍል ፊት «አባት የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ» እንዳይባል የሚጠብቀው ይህ አንድ ጉብኝት ነው።

ዓርብ መምህራን ደብተር ያርማሉ፤ አጭር ፈተናም ይሰጣሉ፤ ከወረቀቱ ግርጌ «ወላጅ ይፈርም» ይላል። በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ልጆች ይዋሻሉ። ጓደኛቸውን ያስፈርማሉ፤ ራሳቸው ይጭራሉ። እናት መፈረም ስለማትችል ታፍራለች፤ ልጁም ስለ እርሷ ያፍራል። እናቶች ሆይ፣ ጣታችሁን በቀለም ነክራችሁ አሳርፉበት። ዋናው ነገር ልጁ ወረቀቱን ለእናንተ ማሳየቱ እንጂ የፊርማው ማማር አይደለም። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራም አጎት ካልመጣ ብላችሁ አትቅሩ፤ ራሳችሁ ሂዱ።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጠዋት መድረሳ፣ ከዚያ ልብስ አጠባ፣ ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾችን መጠበቅ አለ። ወንዶቹ የሊስትሮ ሣጥን ይዘው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ በቤት ሥራ ይወጠራሉ። ይህን አንነቅፍም። ድህነት ባለበት ቤት ልጅ መሥራቱ አይቀርም። ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ወንዱ ሲያጠና እኅቱ እስከ መኝታ ሰዓት ድስት ስታጥብ ባየን ጊዜ ዝም አንልም። ሁለቱም የቲሞች ናቸው፤ ለሁለቱም ለጋሾች የሚሰጡት እኩል ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ካለው ጊዜ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ለእርሷም ይቆረጥላት።

አሁን ፊታችንን ወደ ለጋሾች እንመልስ።

አላህ ይቀበላችሁ። ከደብተርና ከደንብ ልብስ ጀምሮ እስከ ወር አስቤዛ ድረስ በእናንተ ሶደቃ የቆመ ቤት ብዙ ነው። ይሁንና ነገሩ በከፊል ተለውጧል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደንብ ልብስ፣ ደብተርና የትምህርት ቤት ምገባ በከተማው አስተዳደር መቅረብ ጀምሯል። በክልል ያሉ፣ በተለይም በጦርነት ትምህርት ቤታቸው የተጎዳባቸው ልጆች ግን ዛሬም እርሳስ የሚቸግራቸው አሉና ለእነርሱ ይህ ወጪ አይቀነስም። በከተማ ላሉት ልጆች ደብተር ለመግዛት ይወጣ ከነበረው ግን የሚተርፈውን ደብተሩን ማታ ለሚከፍተው ሰው እናውለው ብለን እንጠይቃለን። መብራት በሌለበት ቤት በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ አንድ ፋኖስ፣ ጉልበት ላይ መጻፍ የሚያስቀር አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን መጥቶ የሚያስነብብ አንድ ወጣት የትራንስፖርት ወጪ ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። ለፎቶግራፍም አይመቹም። አዲስ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ፎቶ ያምራል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በጣቱ እየጠቆመ የሚያነብ ልጅ ፎቶ አያምርም። እኛ ግን ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ቤተሰቦችን ስትዘይሩ ልጁን «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ደረጃ ከ50 ልጅ መካከል ለአንዱ ብቻ አንደኛነትን የሚሰጥ ነገር ነው፤ አባቱ በሞተበት ዓመት ከአሥረኛ ወደ ሠላሳኛ የወረደ ልጅ ምን ብሎ ይመልስላችሁ? «ምን አነበብህ? እስኪ አንብብልኝ» በሉት፤ ተቀምጣችሁም ስሙት። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆች ለወራት ከመምህር ተለይተው ነበር። በዚያ ጊዜ በየቤታቸው የሚያዳምጣቸው ሰው የነበራቸው ልጆች ሲመለሱ የያዙትን ይዘው ተመለሱ፤ ያልነበራቸው ከፊደል እንደገና ጀመሩ።

በወሎ ገጠር ደረሳ ቀለቡን ከመንደሩ ሰው እያገኘ ሲቀራ መኖሩ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ራሱ ኪታብ ባይቀራም ለሚቀራው ያካፍል ነበር። ለትምህርት ቤት ልጅም የሚያስፈልገው ከዚህ የራቀ አይደለም።

በመጨረሻ ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ኢንሻአላህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የመድረሳው ሁለተኛ ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ለንባብና ለቤት ሥራ ክፍት ይሆናል። ቅድሚያ የሚሰጠው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጡረታ የወጣችሁ መምህራን በሳምንት አንድ ቀን መስጠት የምትችሉ ከሆነ ዛሬ ሳትወጡ በር ላይ ተመዝገቡ። እናቶችና አያቶች ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከልጁ ጋር አብራችሁ ኑ፤ የአማርኛ ደብተሩንም ይዛችሁ ኑ። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የምንፈልገው የተጻፈበትን ነው።